ለጣት የተሠራ ፊደል፦ የሉዊ ብሬል ሕይወት



በአብያተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ዓይነ ሥውራን ወንድሞችና እኅቶች ተቀምጠው ማየት ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ስንገባና ስንወጣ እንመጸውታቸዋለን፤ እነርሱም መርቀው ይሸኙናል። ምጽዋት የክርስቲያን ግዴታ በመሆኑ ይህን ማድረጋችን መልካም ነው። ነገር ግን ፍቅራችን በደጃፍ ሲቀር፣ ሰጪው ሁልጊዜ ሰጪ፣ ተቀባዩም ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ ይኖራል። በደጃፍ የተቀመጠው ሰው ለእኛ የሚሰጠው ነገር ሊኖረው እንደሚችል፣ እንደሚያነብ፣ እንደሚያስተምር፣ ከእኛም ይልቅ የራሱን ችግር መፍትሔ እንደሚያውቅ ለማሰብ ፋታ አናገኝም።

በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን የምንተርክለት ሰው ካህንም መነኩሴም አልነበረም። የቆዳ ሠራተኛ ልጅ፣ የሕፃናት መምህርና በአብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን የሚጫወት ምእመን ነበር። አርባ ሦስት ዓመት ብቻ ኖሮ፣ ከኖረበት ዘመን አብዛኛውን ክፍል በአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ውስጥ አሳልፎ፣ በጸጥታ አረፈ። ሆኖም ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚኖሩ ዓይነ ሥውራን መጽሐፍ ከፍተው በጣታቸው የሚያነቡት እርሱ ባዘጋጀው ጽሕፈት ነው። ስሙም የጽሕፈቱ ስም ሆኖ ቀርቷል፤ እኛም ብሬል ብለን የምንጠራው ለዚህ ነው።

በኩቭሬ መንደር

ኩቭሬ ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። ሉዊ ብሬል በዚህች መንደር ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ሲሞን ረኔ ብሬል የኮርቻ፣ የልጓምና የልዩ ልዩ የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበር፤ እናቱ ሞኒክ ባሮን ትባላለች። ሉዊ ከአራት ልጆቻቸው የመጨረሻው ነው።

በ1812፣ ሕፃኑ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቱ ከሚሠራበት ክፍል ገብቶ ቆዳ በሚበሳበት ስለታም መሣሪያ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው። በዚያ ዘመን ቁስል እንዳያመረቅዝ የሚከለክል መድኃኒት አልነበረም። ሕመሙ ወደ ሌላኛው ዓይኑ ተዛመተና ልጁ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው የሁለቱንም ዓይኖቹን ብርሃን ፈጽሞ አጣ።

በዘመኑ የድኻ ቤተሰብ ልጅ ዓይኑን ሲያጣ የሚጠብቀው ዕጣ ብዙውን ጊዜ በመንገድ ዳር መለመን ነበር። የሉዊ ወላጆች ግን ልጃቸውን ከቤት ጓዳ አልደበቁትም፤ ከሰውም አላራቁትም። አባቱ በእንጨት ላይ ምስማር እየመታ የፊደላትን ቅርጽ ሠራለትና ልጁ በጣቱ እየዳሰሰ ፊደል እንዲለይ አስተማረው። ዓይን ሊያየው የማይችለውን ጣት ሊያየው እንደሚችል ለሉዊ መጀመሪያ ያመለከተው፣ ከምሁራን ወገን ያልሆነው ይህ የእጅ ባለሙያ አባት ነው።

በ1815 አባ ዣክ ፓሊ የኩቭሬ ቆሞስ ሆነው ወደ መንደሪቱ መጡ። ልጁን ባዩት ጊዜ አእምሮው ብሩህ መሆኑን አስተዋሉ፤ ወደ ቤታቸውም እየጠሩት የሃይማኖት ትምህርትና የልዩ ልዩ ነገር ዕውቀት ያካፍሉት ጀመር። በዚህም ሳይወሰኑ ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት እንዲገባ አደረጉ። መምህሩ አንቷን ቤሽሬም ልጁን ከሌሎች ልጆች ጋር ተቀበለው። ሉዊ የሚነገረውን ሁሉ በጆሮው እየሰማ በቃሉ ይይዝ ነበር፤ ከጓደኞቹም የሚያንስ አልነበረም። ሆኖም መምህሩ መጽሐፋችሁን አውጡ ያለ እንደሆነ የእርሱ ትምህርት በዚያው ያበቃል። ሌሎቹ ገጽ ሲገልጡ እርሱ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር የሚያደርገው አልነበረውም።

ቆሞሱና መምህሩ ይህን ተመልክተው፣ በፓሪስ ለዓይነ ሥውራን ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት መኖሩን በማወቃቸው፣ የአካባቢው ባለርስት የሆኑት ማርኪ ዶርቪሊዬ እንዲረዱት ለመኑላቸው። እኒህም መኰንን ደብዳቤ ጽፈው የነፃ ትምህርት ዕድል አሰጡት። ሉዊ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1819፣ በአሥር ዓመቱ፣ ከአባቱ ጋር ወደ ፓሪስ ሄደ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስተውል። ይህን ልጅ ለዓለም ያበረከቱት ምስማር የመታ አባት፣ በሩን የከፈተ ካህን፣ በክፍሉ ወንበር የሰጠ መምህርና ደብዳቤ የጻፈ መኰንን ናቸው። እያንዳንዳቸው ያደረጉት ነገር ትንሽ ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ግን ልጁ በመንገድ ዳር ሊቀር ይችል ነበር።

በፓሪስ ትምህርት ቤት

ሉዊ የገባበት የንጉሣዊ የወጣት ዓይነ ሥውራን ተቋም ያን ጊዜ የነበረው በቅዱስ ቪክቶር መንገድ፣ ቀድሞ የቅዱስ ፊርማን ዘርአ ክህነት በነበረው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። ይህ ስፍራ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ድኾችን ለመስበክ የመሠረተው የላዛሪስት ማኅበር በ1625 የተጀመረው በዚሁ ቅጥር ግቢ ነበር። በ1839 ወደ ሀገራችን መጥቶ በትግራይ የሰበከውና በእኛ ዘንድ አቡነ ያዕቆብ ተብሎ የሚታወቀው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስም የዚሁ ማኅበር ልጅ ነው። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ደግሞ፣ በሴፕቴምበር 1792፣ ብዙ ካህናት በዚያ ሕንፃ ውስጥ ታስረው ተገድለዋል።

ትምህርት ቤቱን በ1785 የመሠረተው ቫለንቲን አዊ የተባለ ሰው ነው። አዊ በ1771 በፓሪስ በአንድ የገበያ በዓል ላይ ዓይነ ሥውራን የማይረቡ ልብሶችና የካርቶን መነጽሮች አጥልቀው፣ የሙዚቃ መሣሪያ ይዘው፣ ለተመልካች መሳቂያ ሆነው ባየ ጊዜ ልቡ እጅግ አዝኖ ነበር። እነርሱን ማስተማር እንደሚቻል አምኖ፣ ትላልቅ የፈረንሳይኛ ፊደላትን በእርጥብ ወረቀት ላይ በመጫን ወጣ ወጣ ብለው እንዲዳሰሱ የሚያደርግ የኅትመት ዘዴ አዘጋጀ። ከእርሱ በፊት ዓይነ ሥውራን የሚማሩበት እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ አዊ ታላቅ ውለታ የዋለ ሰው ነው።

ነገር ግን ይህ ዘዴ ጉድለት ነበረው። ፊደሉ የተሠራው ለዓይን እንጂ ለጣት አልነበረም። ዓይን በአንድ ጊዜ ቃሉን ሁሉ ይይዛል፤ ጣት ግን የእያንዳንዱን ትልቅ ፊደል ጎባጣና ቀጥታ መስመር እየተከተለ እስኪጨርስ ድረስ የቃሉን መጀመሪያ ሊረሳው ይደርሳል። መጻሕፍቱ ትላልቅና ከባድ ነበሩ፤ ለማተምም ብዙ ወጪ ስለሚጠይቁ ቁጥራቸው ጥቂት ነበር። ከሁሉም በላይ ተማሪው በዚህ ዘዴ በራሱ እጅ ለመጻፍ አይችልም ነበር። የሌላውን ሐሳብ በብዙ ድካም ይቀበላል እንጂ የራሱን ሐሳብ በወረቀት ላይ ለማኖር መንገድ አልነበረውም።

ሕንፃውም እርጥበት የበዛበትና ለጤና የማይመች ነበር፤ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ይታመሙ ነበር። ሉዊ ግን በትምህርቱ እየበረታ፣ በሙዚቃም እየተደነቀ ሄደ።

ስድስቱ ነጥቦች

ሻርል ባርቢዬ የሚባል ቀድሞ የመድፈኛ መኰንን የነበረ ሰው፣ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ያላገኙ ሰዎችም ሊጽፉ የሚችሉበት ቀላል ዘዴ ለመፈለግ ብዙ ጊዜ ደክሟል። ካዘጋጃቸውም ጽሕፈቶች አንዱ በወፍራም ወረቀት ላይ በሹል ነገር እየተወጋ በሚወጣ ነጥብ የተሠራ ነበር። ይህም ጽሕፈት በ1820ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወደ ተቋሙ ደረሰ። ተማሪዎቹ ወዲያው አንድ ነገር ተገነዘቡ፤ ጣት ከመስመር ይልቅ ነጥብን ፈጥኖ ይለያል።

ሆኖም የባርቢዬ ጽሕፈትም የራሱ ችግር ነበረው። እያንዳንዱ ምልክት እስከ አሥራ ሁለት ነጥብ ስለሚይዝ ከጣት ጫፍ ይተርፋል፤ አንባቢው አንዱን ምልክት ለማወቅ ጣቱን ወደ ላይና ወደ ታች ማመላለስ ያስፈልገዋል። ምልክቶቹም የቃላትን ድምፅ እንጂ ትክክለኛ አጻጻፋቸውን አያሳዩም ነበር። ለቁጥርና ለሙዚቃም የተዘጋጀ ምልክት አልነበራቸውም። ባርቢዬ በቅን ልቡና የሠራ ሰው ነው፤ ነገር ግን ለዓይነ ሥውራን የጥድፊያና የግርድፍ ጽሕፈት ይበቃቸዋል ከሚል ሐሳብ አልራቀም። ሉዊ ብሬል ግን ሌላው ሰው የሚያገኘውን ሙሉ ትምህርት ፈለገ፤ ፊደሉን፣ ሥርዓተ ነጥቡን፣ ሒሳቡንና ዜማውን ሳይቀር።

ስለዚህ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ሌሊትም ሆነ በዕረፍት ወደ ኩቭሬ ሲመለስ፣ ወረቀት እየወጋ ይሞክር ጀመር። በ1824፣ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ የሥራው መሠረት ተጠናቀቀ። አሥራ ሁለቱን ነጥቦች ወደ ስድስት አወረዳቸው፤ በሁለት ዓምድ፣ በእያንዳንዱ ዓምድ ሦስት ሦስት ሆነው ተደረደሩ። ይህ መጠን ከጣት ጫፍ በታች ሙሉ በሙሉ ስለሚገባ ጣት ሳይመላለስ ምልክቱን በአንድ ንክኪ ያውቀዋል። ከስድስቱ ነጥቦች የትኞቹ እንደወጡ በመለዋወጥ ስድሳ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ይገኛሉ።

አሠራሩም በሥርዓት የተያዘ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ፊደላት የላይኞቹን አራት ነጥቦች ብቻ ይጠቀማሉ። ቀጣዮቹ አሥር እነዚያኑ ቅርጾች ይዘው ከታች በግራ በኩል አንድ ነጥብ ይጨምራሉ፤ የሚከተሉትም እንዲሁ እየተጨመረባቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ አሥሩን ያወቀ ተማሪ የቀሩትን ለመያዝ አይቸገርም። ቁጥሮችም ከፊታቸው አንድ መለያ ምልክት ተደርጎላቸው በእነዚያው በአሥሩ ፊደላት ይጻፋሉ።

ብሬል ይህን ሥራ በ1829 በመጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ርዕስ እንደሚገልጸው ጽሕፈቱ ለቃላት፣ ለሙዚቃና ለቤተ ክርስቲያን ዜማ የተዘጋጀ ነው። በሃያ ዓመቱ ወጣቱ መምህር የዓይነ ሥውራንን ፊደል ሲያዘጋጅ በመዘምራን መካከል ያላቸውን ቦታም አልረሳም ማለት ነው። በዚያው መጽሐፍ መነሻ የሆነውን የባርቢዬን ሥራ በክብር አነሣ። በ1837 የተሻሻለው ሁለተኛ እትም ወጣ፤ በመጀመሪያው እትም የነበሩትና ለጣት ያስቸገሩት ሰረዞች ተወግደው ነጥቦቹ ብቻ ቀሩ። በዚሁ ዓመት ተቋሙ በሦስት ክፍል የተዘጋጀ የፈረንሳይ ታሪክ መጽሐፍ በዚህ ጽሕፈት አሳተመ።

መምህሩና የኦርጋን ተጫዋቹ

ብሬል ትምህርቱን ሲፈጽም ከተቋሙ አልወጣም። በ1828 ረዳት መምህር፣ በ1833 ደግሞ ሙሉ መምህር ሆነ። ሰዋስው፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና ሙዚቃ ያስተምር ነበር። ትዕግሥተኛና ንግግሩ የተቆጠበ ነበር፤ በተማሪዎቹም የተወደደ ነበር። አባቱ በ1831 ሲያርፍ በመጨረሻ ሰዓቱ ያሳሰበው ነገር ልጁን ተቋሙ እንዳይተወው ነበር፤ ያን ጊዜ የተቋሙ ኃላፊ የነበሩት ፒኚዬም ይህን አደራ ጠበቁ።

በፓሪስ አብያተ ክርስቲያናትም ኦርጋን በመጫወት ያገለግል ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ የቅዱስ ኒቆላዎስ ዴ ሻን ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ ይህ ሰው እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የነበረው ስፍራ ከደጃፍ ሳይሆን ከኦርጋኑ ፊት ነበር። ምእመናኑ እርሱን ይረዱት ዘንድ ብቻ የመጡ አልነበሩም፤ እርሱም ጸሎታቸውን በዜማ ይረዳ ነበር።

ብሬል ዓይነ ሥውራን ከሌላው ሰው ተነጥለው እንዲኖሩ የፈለገ ሰው አልነበረም። የነጥቡ ጽሕፈት ለዓይነ ሥውሩ ቢመችም፣ በገጠር የቀረችው እናት የልጇን ደብዳቤ ልታነብበው አትችልም። ስለዚህ በ1839 ሌላ ዘዴ አወጣ፤ ይህም የተለመዱትን የላቲን ፊደላት ቅርጽ በነጥብ እየሠሩ የሚጽፉበት ነው። በዚህ የተጻፈውን የሚያይ ሰው በዓይኑ፣ የማያይ ሰው በጣቱ ማንበብ ይችላል። ፍራንሷ ፒየር ፉኮ የተባለ ሌላ ዓይነ ሥውር ወዳጁም በ1841 ይህን ጽሕፈት በፍጥነት የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። ሁለት ዓይነ ሥውራን በትብብር የሠሩት ይህ ነገር ከጽሕፈት መኪና ቀደምት ሞዴሎች አንዱ ነው።

የተከለከለው ጽሕፈት

በ1840 ፒኚዬ ከኃላፊነታቸው ተነሡና ዱፎ የተባሉ ሰው ተተኩ። አዲሱ ኃላፊ የብሬልን ጽሕፈት ከትምህርት ክፍል አገዱት። ለዚህም ምክንያት ነበራቸው። ዓይነ ሥውራን የራሳቸው ልዩ ፊደል ከኖራቸው ከሚያየው ሰው ይለያሉ፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው በሚያውቀው ፊደል፣ ከፍ ብሎ በታተመ ብቻ መማር አለባቸው የሚል ነበር።

ይህን አሳብ በጥላቻ የመጣ አድርገን ልንወስደው አይገባም። በላዩ ሲታይ አንድነትን የሚፈልግ አሳብ ነው። ስሕተቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ኃላፊው አንድነት የሚመጣው ዓይነ ሥውሩ እንደሚያየው ሰው ሲያነብ ነው ብለው አሰቡ። ያ ፊደል ለጣት አስቸጋሪ መሆኑን ከሚያውቁት፣ ማለትም ከተማሪዎቹ፣ ምስክርነት አልተቀበሉም። በውጤቱ ከሚያየው ሰው ጋር ለማቀራረብ የታሰበው ነገር ልጆቹን ከመጽሐፍ አራቃቸው።

ተማሪዎቹ ግን ጽሕፈቱን አልተዉትም። በስውር ይጻጻፉበት፣ ማስታወሻቸውን ይይዙበት፣ አዲስ የሚገቡትንም ልጆች ያስተምሩበት ነበር። ብሬል ራሱ አልተሟገተም፤ አመፅም አላነሣሣም። ሥራው እውነተኛ ስለነበረ የሚጠቀሙበት ሰዎች ራሳቸው ጠበቃ ሆኑለት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምክትል ኃላፊው ዦዜፍ ጋዴ ይህን ተመልክተው በጽሕፈቱ ጥቅም አመኑና ለአለቃቸው አስረዷቸው፤ ዱፎም አሳባቸውን ለወጡ። ስሕተትን አምኖ መመለስም ለኃላፊ ትልቅ ክብር ነው።

በ1838 ባለቅኔውና የሕዝብ እንደራሴው ላማርቲን በምክር ቤት ስለ አሮጌው ሕንፃ ክፋት በመናገሩ መንግሥት አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ ተወስኖ ነበር። ተቋሙ በ1843 ወደ አዲሱ ሕንፃ ተዛወረ። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1844 በተደረገው የምረቃ በዓል ላይ ጋዴ ስለ ብሬል ጽሕፈት በይፋ ተናገሩ፤ ተማሪዎችም በእንግዶች ፊት የተነገራቸውን ጽፈው አነበቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጽሕፈቱ በተቋሙ ዳግመኛ አልተከለከለም።

የመጨረሻ ዓመታት

ብሬል ከሃያዎቹ ዓመታት አጋማሽ ጀምሮ በሳንባ ነቀርሳ ታምሞ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ይሻለዋል፣ አንዳንድ ጊዜም ይጠናበታል፤ ድምፁ እየደከመ በመሄዱ የሚያስተምርበትን ሰዓት ለመቀነስ ተገደደ። በዲሴምበር 1851 ሕመሙ እጅግ ጸናበት። ቅዱስ ቁርባን ተቀብሎ፣ በእምነት ሞቱን እየጠበቀ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1852፣ ማለትም አርባ ሦስተኛ ዓመት የልደት ቀኑ ባለፈ በሁለተኛው ቀን አረፈ። ያች ዕለት በላቲን ሥርዓት የአስተርእዮ በዓል፣ ሰብአ ሰገል በኮከብ ብርሃን እየተመሩ ወደ ሕፃኑ የደረሱበት መታሰቢያ ነች።

ካረፈ በኋላ ሳይከፈት እንዲቃጠል ያዘዘበት አንድ ትንሽ ሣጥን ተገኘ። ወዳጆቹ ከማቃጠላቸው በፊት ከፍተው ቢያዩት፣ ለተማሪዎችና ለችግረኞች ያበደራቸው ገንዘቦች የውል ወረቀቶች ሆነው ተገኙ። ተበዳሪዎቹ ከዕዳቸው ነፃ እንዲሆኑ፣ ማንም ስማቸውን እንዳያውቅና እንዳያፍሩ ፈልጎ ነበር። ሰዎች ምጽዋት ተቀባይ ይሆናል ብለው የሚያስቡት ዓይነ ሥውር ሰው በስውር ሰጪ ሆኖ ኖሮ አለፈ።

አስከሬኑ በኩቭሬ ተቀበረ። በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1854፣ ጽሕፈቱ በፈረንሳይ በይፋ ተቀባይነት አገኘ። በ1878 በፓሪስ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤም ለዓይነ ሥውራን ትምህርት ይህን ጽሕፈት መረጠ። ባረፈ በመቶኛው ዓመት፣ በ1952፣ አጽሙ ወደ ፓንቴዮን፣ ፈረንሳይ ታላላቆቿን ወደምታሳርፍበት ስፍራ፣ በክብር ተዛወረ። የእጆቹ አጽም ግን በኩቭሬ መካነ መቃብር እንዲቀር ተደረገ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ከ2019 ጀምሮ የልደቱን ቀን፣ ጃንዋሪ 4ን፣ የዓለም የብሬል ቀን አድርጎ ያከብረዋል።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥም ፍሬው አልጠፋም። ከዚያው ተቋም የወጣው ሉዊ ቪዬርን ከ1900 እስከ ዕለተ ሞቱ 1937 ድረስ የፓሪስ ኖትርዳም ካቴድራል ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ዣን ላንግሌ የተባለው ሌላ ዓይነ ሥውር ሙዚቀኛም በቅድስት ክሎቲልድ ቤተ ክርስቲያን ከአርባ ዓመት በላይ አገልግሏል።

ስድስቱ ነጥቦችና የእኛ ፊደል

በሀገራችን ዓይነ ሥውራን ከትምህርት ፈጽሞ የተገለሉ አልነበሩም። በአብነት ትምህርት ቤቶች ዜማውንና ቅኔውን በጆሮ ሰምተው፣ በቃል አጥንተው ለመምህርነት የበቁ ዓይነ ሥውራን ሊቃውንት ነበሩ፤ አሉም። ይህ ልንኮራበት የሚገባ ቅርስ ነው። ሆኖም በቃል የተያዘ ትምህርት የሚገኘው የሚያነብልን ሰው ሲኖር ነው። ፊደል ግን ሰውን ከዚህ ጥገኝነት ያወጣዋል፤ ማንም ሳይመርጥለት የወደደውን ያነብባል፣ ሌላ ሰው ሳይሰማው ለወዳጁ ይጽፋል።

የብሬል ጽሕፈት ለአማርኛም ተዘጋጅቷል። ፊደላችን ከነእርባታው ከሁለት መቶ በላይ ሲሆን ስድስቱ ነጥቦች የሚሰጡት ምልክት ስድሳ ሦስት ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለይተው ይጻፋሉ፤ ለምሳሌ ሉ ሲጻፍ የል ምልክት ከቀደመ በኋላ የአናባቢው ምልክት ይከተላል። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና በሌሎችም ትምህርት ቤቶች በስሌትና በስታይለስ ወረቀት እየወጉ የተማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሆነዋል። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። በዘመናችን ስልክና ኮምፒዩተር ጽሑፍን በድምፅ ማንበብ ችለዋል፤ ይህ ታላቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን በድምፅ ብቻ የተማረ ልጅ የቃላትን አጻጻፍ በእጁ አይዳስስም። ስለዚህ መሣሪያው የብሬልን ቦታ የሚወስድ ሳይሆን ከእርሱ ጋር የሚሄድ ነው።

የዚህ ሕይወት ትምህርት ለእኛ

ውድ ምእመናን፤ ከዚህ ሕይወት አንድ ነገር አጥብቀን እንያዝ። አዊም ባርቢዬም ዱፎም ዓይነ ሥውራንን ለመርዳት የተነሡ ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ግን ዓይናቸው ያይ ነበርና ከሚያዩት ተነሥተው አሰቡ። ትክክለኛው መንገድ የተገኘው ችግሩን በራሱ ጣት የሚያውቀው ልጅ የመሥራትና የመወሰን ዕድል ባገኘ ጊዜ ነው። ስለዚህ እርዳታችን የሚጀምረው በመስጠት ሳይሆን በመጠየቅ ነው። ምን ያስፈልግሃል፣ እንዴት ይመችሻል ብሎ መጠየቅ ወጪ የለውም፤ ትሕትናን ግን ይጠይቃል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ በሰሌዳ ላይ የምትጽፉትን በቃላችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ እዚህና እዚያ እያላችሁ በጣት ከማመልከት ይልቅ የነገሩን ስም ጥሩ። ለቅዱስ ቁርባን የምታዘጋጁአቸው ልጆች መካከል ዓይነ ሥውር ልጅ ካለ፣ ስለ እርሱ ለብቻው አትወስኑ፤ ከእርሱና ከወላጆቹ ጋር ተማከሩ። በመንደራችሁ አካል ጉዳተኛ ልጁን ከሰው ዓይን የሚሰውር ቤተሰብ ካለ፣ አባ ፓሊ እንዳደረጉት በሩን አንኳኩና ልጁን ወደ ትምህርት ጥሩት።

የቁምስና ሸንጎዎችም የቤተ ክርስቲያናችሁን ደረጃ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሰው እንዴት እንደሚወጣው ከራሱ ስሙ። በመንገዱ ላይ የተከመረ ድንጋይ፣ ክዳኑ የተነሣ ጉድጓድ ለእናንተ ትንሽ ነገር ቢመስል ለዓይነ ሥውሩ ከባድ አደጋ ነው። ብሬል ማንበብ የሚችል ምእመን ካላችሁ ደግሞ የዕለቱ ምንባብ በብሬል እንዲጻፍለት አድርጉና በአትሮንሱ ፊት ቆሞ ያንብብላችሁ። ያን ጊዜ ጉባኤው የእግዚአብሔርን ቃል ከጣቱ ጫፍ ይሰማል፤ በመካከላችሁ ያለውም ሕፃን ዓይነ ሥውርነት የደጃፍ ስም ብቻ አለመሆኑን ይማራል።

የኩቭሬው ልጅ የዓይኑን ብርሃን ያጣበት ሹል ብረትና ለሌሎች ብርሃን የሰጠበት ሹል መጻፊያ በመልክ የተቀራረቡ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቤተሰቡ፣ ቆሞሱና መምህሩ ያሳዩት ፍቅር ነው። በየቁምስናችን ያሉትን ልጆች በዚህ ፍቅር እንድንመለከት፣ ከእነርሱም ዘንድ ያለውን ስጦታ ለመቀበል የተዘጋጀን እንድንሆን፣ የእውነተኛው ብርሃን ጌታ ይርዳን። አሜን።